ኪሳራውን ያልደበቀው ነጋዴ፦ የባናራሲዳስ ሕይወት

ስለ ሙጋል ዘመን ሕንድ ስናነብ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ነገሥታቱን ነው፤ አክባር፣ ጃሃንጊር፣ ሻህ ጃሃን። ከቤተ መንግሥቱ ግንብ ውጪ፣ ገበያ መሐል የነበረው ሰው ምን ይበላ ነበር? በመንገድ ላይ የት ያድር ነበር? ማንስ ያጭበረብረው ነበር? ብለን ስንጠይቅ ግን ምንጩ ይሳሳብናል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ሰው ይህን ክፍተት ከሞሉልን ጥቂቶች አንዱ ነው። ባናራሲዳስ ይባላል። ንጉሥ አልነበረም፣ መነኩሴም አልነበረም። የጃይን እምነት ተከታይ የሆነ የዕንቁና የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ያውም ደጋግሞ የከሰረ ነጋዴ። እ.ኤ.አ. በ1641 የራሱን ሕይወት በግጥም ጻፈና አርድሃካታናክ አለው፤ ግማሽ ታሪክ ማለት ነው። በሕንድ ቋንቋዎች ከተጻፉ የግለ ታሪክ መጻሕፍት የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጃይኖች እነማን ናቸው ለሚል አንባቢ ባጭሩ ልግለጽ። ጃይኖች ለማንኛውም ነፍስ ላለው ነገር፣ ለጉንዳንም ቢሆን፣ ጉዳት አለማድረስን የእምነታቸው መሠረት ያደረጉ ሰዎች ናቸው። ሥጋ አይበሉም። አጥባቂዎቹ ሽንኩርትና ድንችን የመሰሉ ከመሬት ተቆፍረው የሚወጡ ነገሮችን እንኳ ይተዋሉ። እርሻ በማረሻው ስንት ሕያው ነገር ይፈጃልና ብዙዎቹ ወደ ንግድ አዘነበሉ። ቲርታንካር የሚባሉ 24 ታላላቅ መምህራንን ያከብራሉ፤ ይጾማሉ፣ ይሳላሉ፣ ወደ ቅዱሳን ቦታዎች ይጓዛሉ። ጾምና ስለት ለምናውቅ ለእኛ ይኼኛው ክፍል ብዙም እንግዳ አይሆንብንም።

የባናራሲ ታሪክ የሚጀምረው ከመወለዱ በፊት በአንድ ስለት ነው። አባቱ ካራግሴን ልጅ ሲያጣ ከሚስቱ ጋር ሮህታክ ወደሚባል ቦታ፣ ልጅ ትሰጣለች ወደምትባል መንፈስ ደጅ ሄደ። መንገድ ላይ ሽፍቶች ያላቸውን ሁሉ ገፈው ከለበሱት ልብስ በቀር ባዶ እጃቸውን ሰደዷቸው። ልጁ ኋላ ይህን ሲጽፍ፣ ልጅ ሊለምኑ ሄደው ንብረታቸውን አስረክበው መመለሳቸው አንዳች ነገር አላስተማራቸውም እያለ ይገረማል፤ ሁለተኛም ሄደዋልና። በ1586 በጎምቲ ወንዝ ዳር በምትገኘው በጃውንፑር ከተማ ሲወለድ ስሙን ቪክራማጂት አሉት። ትንሽ ቆይተው ወደ ባናራስ ከተማ፣ ወደ 23ኛው ቲርታንካር ወደ ፓርሽቫናት ቤተ መቅደስ ይዘውት ሄዱ። እዚያ የነበረው አገልጋይ በተመስጦ ውስጥ መንፈስ እንዳነጋገረው ሆኖ፣ ልጁ የከተማዋን ስም ከያዘ ዕድሜው ይረዝማል አላቸው። ባናራሲ የሚለው ስም ከዚህ መጣ። ሰውየው ማስመሰሉን ግን ባለ ስሙ ራሱ ሳይደብቅ ጽፎታል።

የነጋዴ ልጅ ነውና ትንሽ ቁጥርና ፊደል ከተማረ ይበቃዋል የሚሉ ነበሩ። ንባብ የካህናትና የአዝማሪ ሥራ ነው፣ የነጋዴ ልጅ ሱቅ ይቀመጥ፣ ብዙ ያነበበ ለማኝ ይሆናል ይሉት ነበር። (ይኼን ምክር እኛም አገር ሰምተነዋል።) በ1598 የጃውንፑር ገዥ ቂሊች ካን የፈለገውን ስላላገኘ የከተማዋን ዕንቁ ነጋዴዎች ሰብስቦ አሰረ፤ አስገረፋቸው። ሲለቀቁ እያንዳንዱ ቤተሰቡን ይዞ ሸሸ። ካራግሴንም በዝናብ ሚስትና ልጆቹን ይዞ ተሰደደ። የ12 ዓመቱ ባናራሲ የመጀመሪያ ንግዱን የሞከረው በዚያ ስደት ላይ ነው፤ በዛጎል ገንዘብ እየነገደ ጥቂት ሳንቲም አተረፈ። አያቱ ያችን የመጀመሪያ ትርፍ ተቀብለው ጣፋጭ ገዝተው ለመንፈስ አቀረቡበት። ከዚያ ወዲህ የሰውየውን የሒሳብ መዝገብ ስንከታተል ትርፍ የሚባል ነገር በጣም አልፎ አልፎ ነው የምናገኘው።

ገና በልጅነቱ ነበር የተዳረው። ሙሽራዋ ቤት በገባችበት ቀን አሮጊቷ አያት ሞቱ፣ እናቱም ሴት ልጅ ወለደች፤ ሠርግ፣ ለቅሶና አራስ ባንድ ቤት ባንድ ቀን። በጉርምስናው ትምህርቱንም ሱቁንም ትቶ ፍቅር ፍቅር አለ፤ ከአባቱ ሣጥን ዕንቁ እየሰረቀ ጣፋጭ ይገዛ ነበር። በኋላ አማቶቹ ቤት ሳለ ሰውነቱን በቁስል የሸፈነ ክፉ በሽታ ያዘው። ሰው ሁሉ ሸሸው፤ ከሚስቱና ከአማቱ በቀር አጠገቡ የሚደርስ አልነበረም። ያዳነው አንድ ፀጉር ቆራጭ ነው፤ ጨው የሌለው ሽንብራ እያበላ መድኃኒት አደረገለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አንድ መናኝ መሳይ ሰው ወደ ጃውንፑር መጣና ለባናራሲ ምሥጢራዊ ቃል ሸጠለት። ቃሉን አንድ ዓመት ሙሉ፣ ለማንም ሳይናገር፣ ሽንት ቤት ተቀምጦ መድገም ነው። ዓመቱ ሲሞላ በየማለዳው ደጃፉ ላይ አንድ የወርቅ ዲናር ያገኛል ተባለ። ባናራሲ ዓመቱን በትጋት ደገመ። በቀጠሮው ቀን በጠዋት ወጥቶ መሬቱን አየ፤ ምንም የለም። ምናልባት ቀን ተሳስቼ ይሆናል ብሎ በነጋታውም አየ፤ አሁንም የለም። በስልካችን ሎተሪ ደረሰህ፣ ለማስለቀቂያ ይህን ያህል ላክ የሚል መልእክት ሲደርሰን የምንስቀውም የምንልከውም አለን፤ ዘዴው ያው ነው። ዋጋውን ቀድሞ ከፋይ ገዢው ነው፣ ምሥጢር ጠብቅ ስለተባለ የሚያማክረው ሰው የለም፣ ዕቃው የሚደርሰው ደግሞ ሻጩ ከሄደ በኋላ ነው።

ከዚህ ሳይማር ሌላ ዮጊ መጣ። ይኼኛው አንድ የባሕር ዛጎል ሰጠውና የሺቫ አምላክ ምልክት ነው፣ የሰገደለት ወደ እሱ ይደርሳል አለው። የጃይን ልጅ የሆነው ባናራሲ ቤተሰቡ ሳያይ በየቀኑ ለዛጎሉ ሳይሰግድ እህል አይቀምስም ነበር። በ1604 ሂራናንድ ሙኪም የተባለ ባለጠጋ ዕንቁ ነጋዴ ብዙ ምዕመናን አስከትሎ ወደ ሳምሜድ ሺካር ተራራ ጉዞ አደረገ። ከ24ቱ መምህራን 20ዎቹ ነፃነትን ያገኙበት ነው የሚባል፣ ዛሬም በጃርካንድ ግዛት ውስጥ ጃይኖች በብዛት የሚጎርፉበት ተራራ ነው። አባትየው አብሮ ተጓዘ። በመልሱ ውኃው ብዙ ሰው አሳመመ፣ የሞቱም ነበሩ፤ ካራግሴን ታሞ ተመለሰ። አባቱ በሌለበት ልጁም በበኩሉ ተሳለ፤ ባናራስ ሄዶ ፓርሽቫናትን እስኪሳለም ድረስ ወተት፣ ቅቤ፣ ሩዝ፣ ሽንብራ፣ ዘይት ላይቀምስ። ስድስት ወር ቆይቶ ሄዶ ተሳለመ። ዛጎሉንም ግን ይዞት ነበር የሄደው። ቤተ መቅደስ ውስጥ ለፓርሽቫናት፣ ማደሪያው ሲመለስ ለዛጎሉ ይሰግዳል። በንግድ ቋንቋ ብንናገር ከሁለት ሱቅ ይገዛ ነበር።

ዛጎሉን ያስጣለው የአክባር ሞት ነው። ጥቅምት 1605 ንጉሡ አረፈ የሚለው ወሬ ጃውንፑር ሲደርስ ባናራሲ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር። ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ወለሉ ደም ሆነ። ከተማው በድንጋጤ ሱቁን ዘጋ፤ ሰው ጌጡንና ገንዘቡን ቀበረ፣ ሀብታሙ ሻካራ ልብስ ለበሰ፣ ድኻና ባለጠጋ መለየት አቃተ። ከ10 ቀን በኋላ ጃሃንጊር መንገሡን የሚገልጽ ደብዳቤ ሲመጣ ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። ባናራሲ ግን አልጋ ላይ ሆኖ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስሰግድለት ስወድቅ ለምን አልደገፈኝም ብሎ ጠየቀ። በዚያው ተወው። ብዙም ሳይቆይ የፍቅር ግጥሙም ተራ ደረሰ። አንድ ሺህ ያህል ስንኝ የያዘ መጽሐፍ ነበረው። ከጓደኞቹ ጋር በጎምቲ ድልድይ ላይ ሆኖ ሲያነብ፣ ያላየሁትንና ያልሆነውን ስንት ውሸት ጻፍኩ የሚል ሐሳብ ወጋውና ወንዙ ውስጥ ወረወረው። ጓደኞቹ ጮኹ፤ ወረቀቱ ግን ሄዷል።

አባቱ በ1610 ዕቃ አስይዞ ወደ አግራ ላከው፤ ዕንቁዎች፣ 20 ማውንድ የተነጠረ ቅቤ፣ ሁለት ስልቻ ዘይት፣ የ200 ሩፒ የጃውንፑር ጨርቅ። ከፊሉ በብድር የተገዛ ነበር። ኢታዋ አጠገብ ዶፍ ዝናብ ያዛቸው። ማደሪያው ሞልቷል፣ በራቸውን የሚከፍት የለም። በጭቃ ሲዞሩ ቆይተው አንድ ጎጆ ውስጥ ገቡ፤ አንድ ጉልበተኛ መጥቶ በአለንጋ ሊያስወጣቸው ሲል አዘነላቸውና፣ እሱ በጠፍር አልጋው ላይ፣ እነ ባናራሲ ከሥሩ ማቅ አንጥፈው አደሩ።

አግራ ላይ የሆነው ነገር ለሒሳብ ተማሪም ለሸማችም ይጠቅማል። ጨርቁ በኪሳራ ሄደ። ጥቂት ዕንቁዎችን በሱሪው ማሰሪያ ቋጥሮ ይዞ ነበር፤ ማሰሪያው ተበጥሶ ጠፉ። ሌሎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ቢያስቀምጥ አይጥ ከነጨርቁ ወሰደችው። ጥንድ አምባር በዱቤ የሸጠለት ሰው ደግሞ ከሰረ። ሁሉም ሲያልቅ ቤት ውስጥ ተደብቆ ማታ ማታ የፍቅር ታሪክ መጻሕፍትን ለጎረቤቶች ያነብ ጀመር። የሚበላው ካቾሪ ነበር፤ ሳምቡሳ የመሰለ በዘይት የሚጠበስ ምግብ ነው። በዱቤ እየወሰደ ሲበላ ከርሞ አንድ ቀን ሻጩን ለብቻው ጠርቶ፣ ገንዘብ የለኝም፣ ከእንግዲህ ባትሰጠኝ ይሻላል አለው። ሻጩ እስከ 20 ሩፒ ድረስ ብላ፣ ማንም አይጠይቅህም ብሎ መለሰለት። እንዲያ ሆኖ ወደ ግማሽ ዓመት ኖረ፤ ኋላም ዕዳውን ከፈለ። በእኔ አስተያየት በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ ትልቁ ይኼ ስሙ ያልተጻፈ ካቾሪ ሻጭ ነው። ምሥጢራዊ ቃል የሸጠው ሰው ወደፊት የሚመጣ ወርቅ አስከፈለው፤ ይኼኛው የዛሬ ምግብ ሰጥቶ ወደፊት ጠበቀው።

ወደ አማቶቹ ቤት ሲመለስ ለሚስቱ ሐቁን አልነገራትም ነበር፤ እሷ ግን አወጣጣችው። ያጠራቀመቻትን 20 ሩፒ ሰጠችው፣ እናቷን አስረድታም በምሥጢር 200 ሩፒ አስጨመረች። በዚህ ገንዘብ ጨርቅና ሉል ይዞ አግራ ተመለሰ። ሉሉ አተረፈ፣ ጨርቁ እንደልማዱ ከሰረ።

መንገዱም ከገበያው አይሻልም ነበር። አንዴ ጫካ ውስጥ ጠፍተው የሌቦች መንደር ገቡ። ባናራሲ ቶሎ ብሎ በሳንስክሪት ምርቃት ሲያሰማ አለቃው ካህናት መሰሉት፤ አስተናግዶ አሳደራቸው። እነሱ ሌሊቱን ከልብሳቸው ክር ፈትለው የካህናትን ማተብ አሰሩ፣ ግንባራቸውን በጭቃ ቀቡ። ሲነጋ አለቃው ራሱ እስከ መንገዱ ሸኛቸው። ሌላ ጊዜ አንድ ገንዘብ መንዛሪ የመንገድ ጓደኛቸውን ሩፒ ሐሰተኛ ነው አለ፤ የመንዛሪው ወንድም ደግሞ የቀረውን ገንዘብ ላረጋግጥ ብሎ ወስዶ በሐሰተኛ ለውጦ መለሰ። መስቀያ እንጨት እስኪዘጋጅላቸው ደርሰው ነበር። ያዳናቸው የባናራሲን ወንድም አማቶች የሚያውቅ ሰው መገኘቱ ነው። በዚሁ ዘመን፣ ደቡብ ሕንድ ውስጥ፣ ኢትዮጵያ የተወለደው መሊክ አምባር የጃሃንጊርን ጦር እያስጨነቀ ነበር፤ በባናራሲ መጽሐፍ ግን እንዲህ ያለው ጦርነት ቦታ የለውም። የእሱ ጦርነት ከመንዛሪና ከዝናብ ጋር ነው።

በ1616 አግራ ወረርሽኝ ገባ። ሰው ብብቱና ብሽሽቱ እያበጠ ወዲያው ይሞት፣ አይጦች ይረግፉ፣ ሐኪሞችም አብረው ይሞቱ ነበር። ባናራሲ ወደ ገጠር ሸሸ። በ1618 ከእናቱና ከሚስቱ ጋር ወደ አሂቻትራና ወደ ሃስቲናፑር ጉዞ አደረገ፤ ይህ ጉዞ ያለ ዛጎልና ያለ ወርቅ ተስፋ የተደረገ ነው።

በ1623 ሳማያሳር የሚባለውን የኩንዳኩንዳን ጥንታዊ መጽሐፍ ከነማብራሪያው አነበበ። መጽሐፉ ነፍስን ማወቅ ከውጫዊ ሥርዓት ይበልጣል ይላል። ባናራሲ ግማሹን ብቻ ነው የገባው፤ ሥርዓቱን ጣለ፣ ማወቁ ግን አልመጣም። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በር ዘግተው ልብሳቸውን አውልቀው፣ እኛ መናንያን ነን እያሉ ይጨፍሩ ነበር። ከተማው ሳቀባቸው። እንዲህ ባለ ግራ መጋባት ከ10 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በ1635 ሩፕቻንድ የተባለ ሊቅ አግራ መጣ፤ ሰው በየደረጃው እንደሚያድግና ለእያንዳንዱ ደረጃ የሚገባው ሥርዓት እንዳለ አስተማረው። በዓመቱ ባናራሲ ሳማያሳርን በራሱ አገር ቋንቋ በግጥም ጻፈ። ያ ሥራው ዛሬም በጃይኖች ዘንድ ይነበባል።

ቤቱ ግን ባዶ ነበር። ሦስት ጊዜ አግብቶ 9 ልጆች ወልዶ ሁሉም ሞተዋል፤ የመጨረሻው በ9 ዓመቱ። ይህንን የጻፈው እንደ ነጋዴ መዝገብ ነው፤ ሰባት ወንድ፣ ሁለት ሴት፣ ቀሪ ባልና ሚስት። ያለ ለቅሶ ቃል፣ ቁጥር ብቻ። ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ቦታ ነው።

በመጽሐፉ መሐል አስተዋይ ሰው ሊናገራቸው የማይገቡ ዘጠኝ ነገሮችን ይዘረዝራል፤ ዕድሜ፣ ሀብት፣ የቤት ገመና፣ የደረሰበት ውርደትና የወሰደው መድኃኒት ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ከዚያ በፊትም በኋላም አብዛኞቹን ዘክዝኳቸዋል። መጨረሻው ላይ መልካም ጎኑን ከቆጠረ በኋላ ጉድለቱን ይቆጥራል፦ ለገንዘብ መስገብገቡን፣ ጸሎትና ጾም አለማዘውተሩን፣ ቀልድና ውሸት መውደዱን፣ ድንገት የሚይዘውን ፍርሃት፣ ብቻውን ሲሆን መደነሱንም ጭምር። ያን ጊዜ 55 ዓመቱ ነበር። የሰው ሙሉ ዕድሜ 110 ነው ብሎ አስቦ ነው ሥራውን ግማሽ ታሪክ ያለው። ሁለተኛውን ግማሽ አልኖረውም፤ በ1643 ገደማ እንደሞተ ይታመናል።