ከክንዳችን ጠባሳ ጀርባ ያሉት ሐኪም

ክንዴ ላይ ትንሽ ክብ ጠባሳ አለች። ብዙዎቻችሁም አላችሁ። የቢሲጂ ክትባት ምልክት ናት። ከሦስቱ ፊደላት አንዱ የፈረንሳያዊው ሐኪም የዶክተር አልበርት ካልሜት ስም መነሻ ነው። ለዛሬ የእኚህን ሰው ታሪክ ላጫውታችሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካልሜት በ1863 በኒስ ከተማ ተወለዱ። የባህር ኃይል ሐኪም ሆነው ብዙ አገር ከዞሩ በኋላ በ1895 በሰሜን ፈረንሳይ የሊልን ፓስተር ኢንስቲትዩት እንዲመሩ ተሾሙ። ሊል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከተማ ነበረች። ሠራተኛው በጠባብ ቤት ታጭቆ ስለሚኖር የሳንባ ነቀርሳ ቤተሰቡን በየተራ ይፈጀው ነበር። ፈዋሽ መድኃኒት ደግሞ አልነበረም።

ዶክተሩ በሽተኛው እስኪመጣላቸው አልጠበቁም። በ1901 ለድሃ ሠራተኞች ነፃ ክሊኒክ ከፈቱ። ከሠራተኛው መካከል የተመረጡ ሰዎች በየቤቱ እየዞሩ ሕመምተኛውን ይጎበኙ፣ አክታ የትም እንዳይተፋ ያስተምሩ ነበር።

በ1908 ከእንስሳት ሐኪሙ ካሚል ጌራን ጋር ሌላ ሥራ ጀመሩ። የከብት ነቀርሳ ተህዋስን በበሬ ሐሞት በተዘጋጀ ድንች ላይ በ13 ዓመታት ውስጥ 230 ጊዜ እያዛወሩ በማራባት ጉልበቱን አደከሙት። በ1921 ክትባቱ ፓሪስ ውስጥ እናቱ በነቀርሳ ለሞተችበት አራስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ።

በ1930 ግን በጀርመን ሉቤክ ከተማ ክትባቱን ከወሰዱ ሕፃናት ከ70 በላይ ሞቱ። ጣት ሁሉ ካልሜት ላይ ተቀሰረ። በኋላ ሲጣራ ክትባቱ እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ ከአደገኛ ተህዋስ ጋር መቀላቀሉ ታወቀ። ካልሜት በ1933 አረፉ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ከክትባቱ ይልቅ ያ ክሊኒክ ነው። ቢሲጂ ሕፃናትን ከከባድ የነቀርሳ ዓይነቶች ይጠብቃል፤ ለአዋቂ ግን አስተማማኝ ጋሻ አይደለም። ስለዚህ በሽተኛን ፈልጎ የማግኘቱ ሥራ በእኛም አገር አላለቀም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በራችንን ስታንኳኳ የሊሉን ሥራ እየቀጠለች ነው። ያኔ ያልነበረው መድኃኒት ደግሞ ዛሬ አለ። ሁለት ሳምንት ያሳለ ጎረቤት ካለን እንዲመረመር እንምከረው፤ መድኃኒት የጀመረም ካለ ተሻለኝ ብሎ እንዳያቋርጥ እናበርታው። ጠባሳዋን ብቻ ተማምነን አንቀመጥ።