ሌቭ ላንዳው እና የኒውትሮን ኮከብ እምብርት

ስለ ኒውትሮን ኮከቦች በሚጽፉ መጻሕፍት ውስጥ ተደጋግሞ የሚገኝ አንድ ትረካ አለ። የኒውትሮን መገኘት ኮፐንሃገን በተሰማበት ዕለት ማታ ሌቭ ላንዳው ከኒልስ ቦር ጋር ሲወያይ ከኒውትሮን ብቻ ስለሚሠሩ ኮከቦች ተናገረ ይባላል። ሆኖም ቀኖቹ አይገጥሙም። ቻድዊክ ግኝቱን ያሳወቀው በፌብሩዋሪ 1932 ሲሆን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ላንዳው ኮፐንሃገን የነበረው ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ ነው። በመሆኑም ሐሳቡ ከኒውትሮን ግኝት የተወለደ አይደለም።

ላንዳው በ1908 ባኩ ተወለደ። አባቱ የነዳጅ መሐንዲስ፣ እናቱ ሐኪም ነበሩ። በ14 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ19 ዓመቱ ከሌኒንግራድ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ዙሪክ በነበረበት ጊዜ፣ በ1931 መጀመሪያ፣ ስለ ከዋክብት አጭር ጽሑፍ አዘጋጀ፤ የታተመው ግን በቀጣዩ ዓመት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የኤሌክትሮኖች ግፊት ስበትን ተቋቁሞ ሊሸከመው የሚችለው መጠነ ቁስ ከፀሐይ 1.5 እጥፍ ገደማ እንደማይበልጥ አሰላ። ቻንድራሴካርም ለብቻው ወደ ተመሳሳይ ገደብ ደርሶ ነበር። ላንዳው ከዚህ የከበዱ ኮከቦች ሳይጨፈለቁ መኖራቸውን ለማስረዳት ሲል በእምብርታቸው የኳንተም ሕግጋት እንደሚፈርሱ፣ ቁሱም እንደ አንድ ግዙፍ የአቶም ኒውክለስ እንደሚታፈግ ገመተ። ምክንያቱ የተሳሳተ ነበር፤ የግዙፉ ኒውክለስ ምስል ግን ጸንቶ ቆየ።

በ1937 ካርኮቭን ለቆ ሞስኮ ወደሚገኘው የካፒትሳ ተቋም ተዛወረ። በዚያው ዓመት የካርኮቭ ባልደረቦቹ ተይዘው ተገደሉ። ላንዳው በዚህ መካከል የከዋክብት ኃይል ምንጭ በመሐላቸው ያለ የኒውትሮን እምብርት ነው የሚል አዲስ ጽሑፍ አዘጋጀ፤ ካፒትሳም ለቦር ላከው። የቦር አድናቆት ኢዝቬስቲያ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ጽሑፉም በ1938 መጀመሪያ ኔቸር መጽሔት ላይ ታተመ። ይህ ሁሉ የተደረገው ዝናው ጋሻ እንዲሆነው ታስቦ ነው የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ የክንውኖቹ ቅደም ተከተል ሲታይ ግምታቸው አሳማኝ ነው። ጋሻው ግን አልሠራም። ስታሊንን የሚያወግዝ በራሪ ጽሑፍ በማዘጋጀት ተወንጅሎ በኤፕሪል 1938 ታሰረ።

እርሱ እስር ቤት ሳለ ጽሑፉ ካሊፎርኒያ ውስጥ ይመረመር ነበር። ላንዳው እምብርቱ ተረጋግቶ ለመኖር ከፀሐይ መጠነ ቁስ አንድ ሺህኛው ይበቃዋል ብሎ ነበር፤ ኦፐንሃይመር እና ሰርበር የኒውክለስ ኃይሎችን አስገብተው ቢያንስ አንድ አሥረኛ ገደማ እንደሚያስፈልግ አሳዩ። ቀጥሎ ኦፐንሃይመር እና ቮልኮፍ የእምብርቱን ላዕላይ ገደብ በአጠቃላይ አንጻራዊነት አሰሉ። በፌብሩዋሪ 1939 የታተመው ውጤታቸው 0.7 የፀሐይ መጠነ ቁስ ነበር። የፀሐይ ኃይል ከኒውክለስ ውህደት እንደሚመነጭ ቤቴ በዚያው ዓመት ስላብራራ የላንዳው መላምት ወደቀ። የጫረው ስሌት ግን ዛሬም የዘርፉ መነሻ ነው። 0.7 ያነሰው ኒውትሮኖች እርስ በርስ እንደማይገፋፉ ተደርጎ ስለተሰላ ነው። አሁን መጠነ ቁሳቸው ከፀሐይ ሁለት እጥፍ ገደማ የሆኑ የኒውትሮን ኮከቦች ተለክተዋል፤ ሬዲየሳቸው ግን 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የኒውክለስ ቁስ አንድ ሳንቲ ሜትር ኩቡ 280 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሲመዝን፣ የኮከቡ እምብርት ከዚያም በብዙ እጥፍ የታፈገ ነው። በዚያ ጥልቀት ያለው ኒውትሮን ብቻ ይሁን ወይስ የተበተነ ኳርክ፣ እስካሁን አልተለየም።

ካፒትሳ በራሱ ኃላፊነት ዋስ ሆኖ ላንዳውን ከአንድ ዓመት እስር በኋላ አስፈታው። ሂሊየም እጅግ ሲቀዘቅዝ ያለ ሰበቃ የሚፈስበትን ምክንያት የሚያስረዳው እርሱ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ላንዳውም በ1941 ንድፈ ሐሳቡን አቀረበ። በእኔ እይታ ለኒውትሮን ኮከብ ውስጣዊ ቁስ ያበረከተው ትልቁ አስተዋጽኦ ከከዋክብት ጽሑፎቹ ይልቅ እዚህ ላይ ነው። ሚግዳል በ1959 በኒውትሮን ኮከብ ውስጥ ያለው ቁስም ያለ ሰበቃ ሊፈስ እንደሚችል ጠቆመ፤ ላንዳው በ1956 ያወጣው የፌርሚ ፈሳሾች ንድፈ ሐሳብም ዛሬ በዚህ ቁስ ስሌት ላይ ይውላል።

በጃንዋሪ 1962 በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎዳ። በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት ቢያገኝም ወደ ምርምር ሥራው አልተመለሰም። የመጀመሪያው ፑልሳር ግኝት በፌብሩዋሪ 1968 ኔቸር ላይ ታተመ፤ ላንዳው በኤፕሪል 1 ሞስኮ ውስጥ ዐረፈ። ፑልሳሮች የሚሽከረከሩ የኒውትሮን ኮከቦች መሆናቸውን ያረጋገጠው የክራብ ፑልሳር የተገኘው በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው።