ከቮልስ መሪ እስከ በረዶ ላይ ድል

ቡና ሊጭን ከጅማ ወደ ሊሙና ጌራ በክረምት የሚወጣ ሾፌር አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ከኋላ ጎማ የሚገፋ መኪና ጭቃ ላይ ጭራው ከሸሸ መሪው ብቻውን አያድንም። ነዳጅ በእርጋታ፣ ፍሬንም በእርጋታ ነው። በረዶ ደግሞ ከጭቃም ይብሳል። በረዶ በማያውቅ አገር ተወልዶ በረዶ ላይ ድል ያደረገው ሰው ግን ሌላ ማንም ሳይሆን የማራቶኑ ንጉሥ አበበ ቢቂላ ነው።

የጃቶው ልጅ እ.ኤ.አ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ደግሞ ከትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከወጣ ከአንድ ወር ትንሽ በለጥ ብሎት ቶኪዮ ላይ ማሸነፉ ይታወሳል። ከቶኪዮ ሲመለስ ከተሰጡት ሽልማቶች አንዷ ቮልስዋገን ነበረች። ቮልሷ ሞተሯም ገፊ ጎማዎቿም ከኋላ ናቸው።

እ.ኤ.አ ማርች 22 ቀን 1969 ሌሊት ይህችው መኪና ከቁጥጥሩ ውጪ ሆና ተገለበጠች። አበበ እስኪነጋ ድረስ ውስጧ ተቀርቅሮ አደረ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ሲገባ ጭንቅላቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ከስምንት ወር ሕክምና በኋላ እጆቹ ዳኑ፤ ዓለምን ያስደመሙት እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

አበበ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ቀስት ውርወራና ጠረጴዛ ቴኒስ ጀመረ። እ.ኤ.አ በ1971 ኖርዌይ ውስጥ በተካሄደ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በእንግድነት ቢጋበዝም፣ ቁጭ ብሎ ማየቱን አልወደደም። 25 ኪሎ ሜትር በሚሸፍነው የስሌጅ፣ ማለትም በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ ውድድር ውስጥ ገባ።

ስሌጅ ጎማ የለውም፣ ፍሬንም እንደ መኪና አይዝም። ኩርባ ላይ የቸኮለ ሰው ኋላው ይሸሽበታል። ሚዛን የሚጠበቀው በወገብና በእጅ ነው፤ አበበ ደግሞ የቀሩለት እጆቹ ብቻ ነበሩ። በማራቶን የሚታወቅበት እርጋታ ግን አብሮት ነበር። 16 ተፎካካሪዎቹን አስከትሎ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ ወጣ።

ታላቁ አትሌት እ.ኤ.አ ኦክቶበር 25 ቀን 1973 በ41 ዓመቱ አረፈ። ስሙ ሲነሳ ሁሌም ሮምና ቶኪዮ ይቀድማሉ። መሪ ከእጁ አምልጦ እግሩን የነጠቀው ሰው በሚያንሸራትተው በረዶ ላይ ያገኘው ሦስተኛው ድል ግን ከሁለቱ የሚያንስ አይደለም።