የት ሀገር ብቻ ሳይሆን፣ የት ሰፈር

ጓደኞቼ ስለ ስደት ሲያወሩ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ የት ሀገር ይሻላል? እኔ የጄኮብ ሪስን ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ ሌላ እጨምራለሁ፤ ከተማ ነው ገጠር?

ሪስ እ.ኤ.አ. በ1849 ዴንማርክ ውስጥ፣ ሪበ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አናጢነት ተማረ። የወደዳት ልጅ እምቢ ስትለው በ1870 በ21 ዓመቱ ኒውዮርክ ገባ። ወዳጆቹ ካዋጡለት 40 ዶላር ግማሹን አውጥቶ ሽጉጥ ገዛ። ጫካ የሚገባ መስሎት ነበር!

ያን ዓመት ከተማዋ አራቆተችው። ሙያ እያለው ሥራ አጣ፣ በረሃብ በየደጃፉ አደረ። አንድ ዝናባማ ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ባለ የቤት አልባዎች ማደሪያ ተጠጋ። የአንገት ወርቁን ሰረቁት። ሲከራከር ከጣቢያው ተባረረ፤ የተከተለችውን ውሻ ደግሞ ፖሊስ ዓይኑ እያየ ገደለበት።

ከዚያ ሸሸ። ፊላደልፊያ ያለው የዴንማርክ ቆንስል አስጠግቶ አሳረፈውና ጄምስታውን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ላከው። እዚያ አካባቢ ብዙ የሰሜን አውሮፓ ስደተኞች ይኖሩ ነበር። ያው ሰውዬ፣ ያው እጅ፤ እዚህ ግን የሚያናግረው አገኘ፣ አናጢነቱም እንጀራ ሆነው።

ታዲያ ገጠር ይሻላል ማለት ነው? እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን ሪስ ኒውዮርክ ተመለሰ። ጋዜጠኛ መሆን ፈልጎ ነበር፤ ያ ሥራ ደግሞ ያለው ከተማ ነው። በ1877 የፖሊስ ዜና ዘጋቢ ሆነ። በብልጭታ ብርሃን የጨለማ ክፍሎችን እያነሳ፣ በ1890 ስለ ድሆቹ ሰፈሮች መጽሐፍ አሳተመ። እርግጥ ነው፣ ራሱ ስደተኛ ሆኖ ሳለ ስለ ጣሊያኖች፣ አይሁዶችና ቻይናውያን የጻፈው ብዙ ንቀት አለበት። ይህን መሸፈን አልፈልግም።

በ1896 ያ የፖሊስ ማደሪያ በወዳጁ በቴዎዶር ሩዝቬልት ትእዛዝ ተዘጋ። ሪስ በ1914 ሲሞት ግን ከተማ አልነበረም፤ ማሳቹሴትስ ገጠር ውስጥ በገዛው እርሻ ላይ ነበር።

እኔ የተረዳሁት ይህን ነው። ትንሿ ከተማ አቆመችው፣ ትልቋ ደግሞ ድምፅ ሰጠችው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ኖሮ ያ ሁሉ ስቃይ ይቀርለት ነበር ብዬ አስባለሁ። ለመሄድ ያሰባችሁ ልጆች፣ ዘመድ ስትጠይቁ የሀገሩን ስም ሰምታችሁ ብቻ ስልኩን አትዝጉ። ሰፈሩ ውስጥ ቋንቋችሁን የሚያውቅ አለ? ሙያችሁንስ የሚፈልግ?