የወራጁ ነፋስ መርማሪ፤ ፕሮፌሰር ቴትሱያ ፉጂታ

ቴትሱያ ፉጂታ እ.ኤ.አ. በ1920 በጃፓን በኪዩሹ ደሴት ተወለዱ። ስማቸው ይበልጡን የሚነሣው በ1971 ባወጡት የቶርኔዶ ኃይል መለኪያ ነው። በእኛ ግምት ግን ከዚያ የሚልቀው ሥራቸው ነጎድጓዳማ ደመና ወደ ምድር የሚወረውረውን ነፋስ መግለጣቸው ነው።

በነሐሴ 1945 ሁለተኛው የአቶሚክ ቦምብ እንዲጣል የታቀደው ፉጂታ ከሚያስተምሩበት ኮሌጅ አጠገብ ባለችው በኮኩራ ላይ ነበር። ከተማይቱን ደመናና ጢስ ስለ ሸፈናት አውሮፕላኑ ወደ ናጋሳኪ ዞረ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፉጂታ ናጋሳኪ ደርሰው ፍርስራሹን መረመሩ። በመቃብር ስፍራ ከነበሩት የቀርከሃ አበባ ማስቀመጫዎች የቃጠሎ ምልክት ተነሥተው ፍንዳታው የደረሰበትን ከፍታ ገመቱ። ዛፎቹም ከአንድ መኻል ወደ ዙሪያው እንደ ኮከብ ጨረር ተዘርግተው መውደቃቸውን ልብ አሉ።

በ1947 ነጎድጓዳማ ደመና በሰፉሪ ተራራ ላይ ሲያልፍ የመለኪያዎቹን ምልክት አጥንተው ከደመናው አየር ወደ ታች እንደሚወርድ ተረዱ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ሆራስ ባየርስና ባልደረቦቻቸው የደመናውን ዕድሜ በሦስት ከፍለው ነበር። በመጀመሪያ ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ላይ ብቻ ይወጣል። ደመናው ሲበስል የዝናቡ ክብደት አየሩን ይጎትታል፤ የሚተኑት ጠብታዎችም ያቀዘቅዙታል፤ አየሩም ከብዶ ይወርዳል። በመጨረሻ ወራጁ አየር የወጪውን ምንጭ ይዘጋና ደመናው ይከስማል። ባየርስ የፉጂታን ጽሑፍ ከተመለከቱ በኋላ በ1953 ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አስመጧቸው።

በሚያዝያ 1974 በሁለት ቀን 148 ቶርኔዶዎች አሜሪካን መቱ። ፉጂታ ጥፋቱን ከአውሮፕላን ሲቃኙ በአንድ ጫካ ውስጥ ያንኑ የናጋሳኪን የኮከብ ቅርጽ አዩ። በሰኔ 1975 ደግሞ አንድ ቦይንግ 727 ኒው ዮርክ ሊያርፍ ሲል ነጎድጓዳማ ዝናብ ውስጥ ገብቶ ወደቀ፤ 113 ሰዎች ሞቱ። ፉጂታ ምክንያቱ ጠባብና ኃይለኛ ወራጅ ነፋስ ነው አሉ። አውሮፕላኑን በመጀመሪያ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ያነሣዋል፤ ቀጥሎ ወራጁ ወደ ታች ይገፋዋል፤ ከዚያ ከኋላ የሚመጣው ነፋስ ክንፉ የሚሸከምበትን ፍጥነት ይነሣዋል። አብራሪው ይህን ሁሉ የሚያስተካክልበት ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው።

ብዙ ሊቃውንት ግን ወራጁ ነፋስ ምድር ሳይደርስ ይዳከማል በማለት አልተቀበሏቸውም። ጠቡ (ጠብ ማለቱ አይበዛም) ያበቃው በራዳር ነው። በ1978 በቺካጎ አካባቢ በተደረገው ጥናት ዶፕለር ራዳሮች ወራጁን ነፋስ ራሱን አሳዩ፤ በ1982 በዴንቨር የተደረገውም ይህንኑ አጸና። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ ቶርኔዶ ያጠኑት እኒህ ሰው በዐይናቸው ያዩት የመጀመሪያው ቶርኔዶ በዚያው በዴንቨር ሥራ ላይ ሳሉ የገጠማቸው ነበር፤ ያን ጊዜ የ61 ዓመት ሰው ነበሩ። በኅዳር 1998 በቺካጎ ዐረፉ።