ፈርዲናንድ ፖርሸ፦ ሞተርን ከሾፌሩ ጀርባ ያሻገረ መሐንዲስ

በምዕራብ ሐረርጌ አህያ ወይም ግመል የሚጭን ገበሬ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠነቀቀው ጭነቱ እንዳያጋድል ነው። የውድድር መኪና ሠሪዎችም ጥያቄ ከዚህ አይርቅም፤ ክብደቱ ስንት ነው ብቻ ሳይሆን የት አረፈ ይላሉ። በአገራችን ቮልስ የምትባለውን መኪና የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሸ ከዚህ ጥያቄ ጋር ደጋግሞ ታግሏል።

ፖርሸ እ.ኤ.አ. በ1875 ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ በሆነው ምድር፣ ማፈርስዶርፍ በተባለ ስፍራ ከቆርቆሮ ሠሪ ቤተሰብ ተወለደ። በ1900 ሎነር ለተባለው ኩባንያ የሠራት፣ ሞተሮቿ በጎማዎቿ እምብርት ውስጥ የተተከሉ የኤሌክትሪክ መኪና በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርዒት ቀረበች። በ1931 በሽቱትጋርት የራሱን የምህንድስና ቢሮ ከፈተ።

በ1934 ለአውቶ ዩኒየን የነደፈው የውድድር መኪና ባለ 16 ሲሊንደር ሞተሩን ከሾፌሩ ጀርባ ተሸከመ። በዘመኑ አብዛኞቹ ተወዳዳሪ መኪኖች ሞተራቸው ከፊት ነበር። የነዳጁን ጋን በሾፌሩና በሞተሩ መካከል አኖረው፤ ነዳጁ እያለቀ ሲሄድ የፊትና የኋላው ሚዛን ብዙም እንዳይለወጥ ነው።

ይሁን እንጂ የኋላው ክብደት ዋጋ አስከፈለ። መኪና ሲታጠፍ ክብደቱ ቀጥታውን መንገድ ይዞ መሄድ ይሻል፤ የከበደ ጀርባም ጎማው መያዝ ሲያቅተው ወደ ውጭ ይፈናጠራል። ይህን ጠባይ አሳምረው የገሩት ሾፌሮች ጥቂት ነበሩ፤ ከሞተር ብስክሌት ውድድር የመጣው በርንድ ሮዘማየር በ1936 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ።

በቮልስም ሞተሩ ከኋላ ጎማዎች በስተጀርባ ተቀመጠ። የሚገፉት ጎማዎች ክብደት ስላረፈባቸው ጭቃና ዳገት ላይ መሬቱን አጥብቀው ይይዛሉ፤ የፊቱ መቅለል ግን በጎን ነፋስ ያስቸግራል።

ታሪኩ ጥላም አለበት። ፖርሸ የናዚ ፓርቲ አባል ነበር፤ በጦርነቱ ዘመን የቮልስዋገን ፋብሪካ በግዳጅ ሠራተኞች ጉልበት ሠርቷል። ከጦርነቱ በኋላ በፈረንሳይ ታስሮ በ1947 ተፈታ፤ በ1951 አረፈ። ከ1959 ጀምሮ የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮናን ያሸነፉት ሾፌሮች ሁሉ ሞተሩ ከጀርባቸው ባለ መኪና ነው የነዱት።

ሕጉ ለውድድር ሜዳ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ከሚኤሶ ወደ ጭሮ፣ ከጭሮም ወደ ሂርና በሚጠማዘዘው መንገድ ጫት፣ ቡናና ከብት የጫነ አይሱዙም ይገዛበታል። ጭነት ከኋላ ጎማ አልፎ ከተከመረ የፊት ጎማዎች ይቀላሉ፣ መሪውም አልታዘዝ ይላል። ወደ ላይ ከተቆለለ በመታጠፊያ ላይ መገልበጥ ይቀርባል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ይጎርፋል፤ ያልታሰረ ጭነትም አብሮ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከባዱ ከታች፣ ወደ መሐል ተጠግቶ፣ ግራና ቀኙ ተመዛዝኖና በገመድ ጠብቆ ይጫን። ይህ ሥራ የሚያልቀው ሞተር ሳይነሣ፣ ገና በመጫኛው ስፍራ ነው።