አለን ቱሪንግና የቤታችን የዘፈን መኪና

የአንድ የታወቀ ሰው ሕይወት እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ ሐሳቤ ሁሉ በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ነበር። በጣም ስለ ዘገየ አባቴ ለቆራሌው ሊሸጡት ቈርጠው ሳለ፥ የቤታችን ዘፈን ማጫወቻ ላደርገው የአንድ ሳምንት ጊዜ ለምኜ አገኘሁ። መኪናዪቱን ከመነሻዋ የሚያዛትን ፕሮግራም፥ ማለት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን፥ በነጻ ከሚገኙት በአንዱ መለወጥ ነበረብኝ። አንዲት መኪና ትእዛዟ ብቻ ተለውጦ ለሌላ ሥራ እንደምትውል አስቀድሞ ያሳየ አለን ቱሪንግ ነውና የእርሱን ሕይወት መረጥሁ። ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቱሪንግ በ1912 ዓ.ም. በሎንዶን ተወለደ። በኬምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ሒሳብ ተምሮ፥ በ1936 ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳለ አንድ ጽሑፍ አዘጋጀ። በዚህም ትእዛዙ በምልክት ተጽፎ ከተሰጣት የሌሎችን መኪናዎች የስሌት ሥራ ሁሉ የምትሠራ አንዲት መኪና በሐሳቡ ነደፈ። ብረቱ ሳይነካ ትእዛዙ ይለወጣል ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኤኒግማ የተባለውን የጀርመኖች ምስጢር ጽሑፍ በመፍታት ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ ነገሩ እስከ 1970ዎቹ በምስጢር ስለ ተያዘ ግን በሕይወቱ ሳለ ሕዝብ አላወቀለትም።

ለእኔ ከሁሉ የሚጥመኝ የማንቸስተር ዘመኑ ነው። በ1948 ወደዚያ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በዚያ የነበረው ኮምፒዩተር ለሠራተኛው ምልክት የሚሰጥበት ድምፅ ማጉያ ነበረው። ትእዛዙ አንድ ጊዜ ቢሰጥ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል፤ በፍጥነት ቢደጋገም ግን ለጆሮ የዜማ ድምፅ ይሆናል። ቱሪንግ ይህን በመኪናዪቱ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገለጸው። ክሪስቶፈር ስትሬቺ የተባለ የትምህርት ቤት መምህር (መምህሮቻችን ልብ ይበሉልኝ!) መጽሐፉን አንብቦ መኪናዪቱን የእንግሊዝን ብሔራዊ መዝሙር አስዘመራት። በ1951 ቢቢሲ ድምፅዋን ቀረጸ።

ወደ ምርጫዬ ልመለስ። መጀመሪያ የተመለከትሁት ኡቡንቱ ስቱዲዮን ነበር። ዘፈን ለሚቀርጽና ለሚያቀናብር ሰው ብዙ መሣሪያ ይዟል፤ እኛ ግን የምንሻው ማድመጥ ብቻ ነው፤ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ላላት መኪናችንም ይከብዳታል። ዴቢያን ግን በጥቂቱ ተጭኖ የሚያስፈልገው ብቻ ስለሚጨመርበት እርሱን መረጥሁ። የዴስክቶፑን ጌጥ ሁሉ ትቼ ማጫወቻውን ብቻ ጨመርሁ። ሁለት ምሽት ሙሉ ድምፅ እምቢ አለኝ፤ ለካስ አልሳ በሚባለው የድምፅ ክፍል ውስጥ ድምፁ ተዘግቶ ኖሯል!

ቱሪንግ በ1952 በግል ሕይወቱ ምክንያት ተከሶ ተፈረደበት። በጁን 7 ቀን 1954 በ41 ዓመቱ ሞተ። ንግሥቲቱ ምሕረት ያደረጉለት ግን በ2013 ነው፤ ምን ያህል ዘገየ!

ያ የ1951 ቅጂ በ2016 በኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ፍጥነቱ ታርሞ እንደ ገና ተሰማ። በቤታችን መኪና መጀመሪያ ያጫወትሁት እርሱን ነው። ዜማው መካከል ላይ ይሰናከላል፤ በዙሪያው የነበሩትም ሲስቁ ይሰማል። አባቴ ሁለት ጊዜ ካስደገሙኝ በኋላ የድሮ ካሴቶቻቸውን ከቁም ሣጥን ሊያወጡ ተነሡ።